ቆርቆሮ ላይ በር ለመሳል የማን ፊርማ ያስፈልጋል?

ለመሆኑ በዚህች አዲስ አበባ በምትባል ከተማ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ተነቅሎ በሚጣል የቆርቆሮ አጥር ላይ፣ ለሦስት ወር ብቻ፣ ስዕል ለመሳል የሚፈቅደው ማነው? ወረዳው ነው? ክፍለ ከተማው ነው? ማዘጋጃ ቤት ነው? መሬቱን የተረከበው ባለሀብት ነው? ወይስ አጥሩ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድረው ዘበኛ? ቀልድ እንዳይመስልህ አንባቢ! ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዤ አስራ አንድ ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቻለሁ። መልሱን ዛሬም አላውቀውም። ከጠየቅኳቸው ባለሥልጣኖች ውስጥም የሚያውቀው አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አገር አይቶታል፤ ሰዉ በየስልኩ ቀርጾታል፤ ያለቀሰው አልቅሶ፣ ያጨበጨበውም አጨብጭቦ አልፏል። እኔ የምለው ሰፈር ግን ፎቶ አንሺ እንኳ ያልመጣለት፣ ስሙ በዜና ያልተጠራ ትንሽ ሰፈር ነው። እሱም ፈረሰ። ነዋሪው አንዳንዱ ከተማ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም፣ አንዳንዱ ወደ ዘመድ ቤት ተበተነ፤ ቀሪው ወዴት እንደገባ እግዜር ይወቀው። መሬቱ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጠረ። ከአጥሩ ውስጥ እስከ ዛሬ የበቀለው ሕንፃ ሳይሆን ሣርና እሾህ ነው።

እዚያ ሰፈር ተወልደው ያደጉ አምስት ልጆች አሉ። ሦስቱ ሥነ ጥበብ የተማሩ ናቸው፤ ሁለቱ ታፔላ እየጻፉ የሚተዳደሩ። አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ዋናውን መንገድ ተከትሎ በሚሄደው ሁለት መቶ ሜትር ያህል አጥር ላይ፣ የፈረሱትን ቤቶች በሮች ድሮ በነበሩበት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልካቸው መሳል። አርባ ሦስት በር ቆጠሩ። የጠላ ቤቷ በር ከነተሰቀለው ጣሳ። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል የተጻፈበት በር (ውሻው ከሞተ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፤ ጽሑፉ ግን እስከ መጨረሻው ሰፈሩን ሲጠብቅ ኖሯል)። የሱቋ በር፣ ልጅ ሆነው ከረሜላ በዱቤ የወሰዱባት። እያንዳንዱ በር ከነቤት ቁጥሩ፣ ከነቀለሙ። ሦስት ወር ይቆይና ራሳቸው መልሰው ቀለም ይቀቡበታል። ከመንግሥት አምስት ሳንቲም አልጠየቁም። ቀለሙን በመዋጮ ሊገዙ ተስማምተዋል። የጠየቁት ፈቃድ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው መሰለኝ። አንድ ሌሊት ወጥተው ቢስሉት ኖሮ ወይ ይታሰሩ ነበር፣ ወይ ስዕሉ ይቆይ ነበር፤ ያም ሆነ ይህ ነገሩ ያልቅ ነበር። «ኧረ በሕጋዊ መንገድ ሂዱ» ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛ ስለሆነ ደብዳቤ ያውቃል ብለው አምነውኝ!

የቢሮዎቹን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ ልጆቹ ነገም እዚያው ደጅ ስለሚቆሙ ነው። የመጀመሪያው ቢሮ ደብዳቤውን ተቀብሎ የገቢ ቁጥር ሰጠን፤ ደስ አለን። በሁለተኛው ሳምንት «ይሄ እኛን አይመለከትም፤ አጥር ስለሆነ ወደ ግንባታ ሂዱ» ተባልን። ግንባታ የሚመለከተው ቢሮ «ስዕል ከሆነ ባህል ነው» አለን። የባህሉ ቢሮ «መንገድ ዳር ከሆነ የውጭ ማስታወቂያ ነው» አለን። የማስታወቂያው ክፍል ደግሞ ዐይኑ በራ! «ስንት ካሬ ነው? የማን ድርጅት ነው? ታሪፍ አለው» አለን። ድርጅት የለም፣ የሚሸጥ ነገር የለም ስንል ዐይኑ መልሶ ጠፋ። ለሚሸጥ ነገር ታሪፍ አለ፤ ለማይሸጥ ነገር መስኮት የለም።

በአምስተኛው ወር አንድ ኃላፊ ፊት ቀረብን። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቁጭ በሉ አሉን፤ ንድፉን አንድ በአንድ ገለጡት።

«ዓላማው ምንድነው?» አሉ።

«ማስታወሻ ነው ጋሼ» አለ አንደኛው ልጅ።

«ምኑን ነው የምታስታውሱት?»

«በሮቹን ነው ጋሼ። እዚያ የነበሩትን።»

ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «እናንተ ልጆች፣ ስዕሉ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል» አሉን። ሌላው ትርጉም ምን እንደሆነ አልነገሩንም። እሳቸውም ያውቁታል፣ እኛም እናውቀዋለን፣ በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ያውቀዋል። «ታዲያ ተከልክሏል ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «አልተከለከለም» አሉ። «ተፈቅዷል ማለት ነው?» አልኩ። «አልተፈቀደም፤ ከላይ መልስ እስኪመጣ ነው» አሉ። ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡን ስንላቸው ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ባለጉዳይ ሆኖ የቆመ ሁሉ ያውቃታል።

እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! በዘጠነኛው ወር አንድ ጠዋት በታክሲ ሳልፍ ሁለት መቶ ሜትሩ አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ባነር ለብሶ አየሁት። በአንድ ሌሊት! ሰማይ የሚነካ የመስታወት ሕንፃ፣ ፏፏቴ፣ አገራችን ውስጥ የሌለ ዓይነት ዛፍ፣ ቁምጣ ለብሶ ነጭ ውሻ የሚያናፍስ ሰውዬ። ላም አለኝ በሰማይ! ከታክሲው ወርጄ ዘበኛውን «አባቴ፣ ይህን ማን አሰቀለው?» አልኳቸው። «ከላይ ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ከላይ አንዲት አሞራ ብቻ ትዞራለች።

ልብ በል አንባቢ። ያ ባነርም እኮ ስዕል ነው። እሱም ጊዜያዊ ነው። እሱም አደባባይ ላይ ነው። ማን ነደፈው? ማን መዘነው? «ሰው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል» ብሎ የተጠራጠረለት ማነው? የበሮቹ ስዕል ትርጉም ከተፈራ፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው በዚያ ሲያልፍ ለዚያ ነጭ ውሻ የሚሰጠው ትርጉም አያስፈራም?

«ሰው ቤቱን ያጣበት ዘመን ላይ አንተ ስለ ስዕል ትጽፋለህ ወይ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እኔም የምለው እሱኑ ነው። ስለ ቆርቆሮው የሚወስነው እጅና ስለ ቤቱ የሚወስነው እጅ አንድ እጅ ነው። ምክንያት የማይሰጥ፣ ቀን የማይቆርጥ፣ የማይፈርም እጅ። በቤት ጉዳይ ይህን ስታነሣ ካሳ፣ ምትክ ቦታ፣ ማስተር ፕላን፣ ልማት እየተባለ ነገሩ ይወሳሰብብሃል። በቆርቆሮ ስዕል ግን ራቁቱን ታየዋለህ።

ደግሞ «ይህ የድሃ አገር ችግር ነው፣ ሌላውም ዘንድ ያው ነው» ለሚሉን የሚከተለውን ላንሳ። ክሪስቶና ዣን-ክሎድ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። እ.ኤ.አ. በ1979 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በየመሄጃው ላይ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸው ብዙ ሺህ በሮች ለሁለት ሳምንት እናቁም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በር! አጋጣሚው ገርሞኝ ነው ይህንኑ የመረጥኩት። የሥራው ስምም «በሮቹ» ነው። የፓርኮቹ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1981 ከለከላቸው። ግን እንዴት ከለከላቸው? ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ጽሑፍ ጽፎ! ቦታው አይሆንም፣ ጊዜው አይደለም፣ መጠኑ በዝቷል፣ ፓርኩ ገና ከውድቀት እያገገመ ነው፣ መሬቱ ውስጥ የምትቆፍሩት ጉድጓድ ይጎዳዋል እያለ፣ አንድ በአንድ። ፈረመበት። ሕዝብም አነበበው።

በእኛ አገር ይህን እንደ ስድብ ልንቆጥረው እንችላለን። ለእነሱ ግን ያ የእምቢታ ጽሑፍ የቤት ሥራ ሆነላቸው። ጉድጓዱ ነው ችግሩ? እሺ፣ አንቆፍርም፤ በሩ መሬት ላይ በሚቀመጥ የብረት መሠረት ይቁም። ብዛቱ ነው? ቀነሱት። ወቅቱ ነው? ዛፉ ቅጠል በሌለበት፣ ወፉም በማይረበሽበት በየካቲት ይሁን። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ከተማው ፈቀደ፤ ውል ተፈራረሙ። በየካቲት 2005 ደግሞ 7,503 በሮች በ37 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቆሙ። 16 ቀን ቆይተው ተነሡ። ወጪው 21 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ የከፈሉት ራሳቸው አርቲስቶቹ ናቸው። ከተማው ሽራፊ ሳንቲም ሳያወጣ ከአራት ሚሊዮን የማያንስ ሰው ተመለከተው።

ሐሳቡ ከቀረበ ሀያ ስድስት ዓመት! ከእኛ አስራ አንድ ወር ጋር ሳስተያየው ማፈር አለብኝ? የለብኝም። እነሱ ሀያ ስድስት ዓመት ሲጠብቁ የሚከራከሩት ነገር በእጃቸው ነበር። እኛ በአስራ አንድ ወር ያገኘነው የገቢ ቁጥርና ፈገግታ ነው። ሰው ከወረቀት ጋር ይከራከራል፤ ከፈገግታ ጋር ግን እንዴት ይከራከራል?

ኒውዮርክን ገነት አድርጌ እንዳልስላት ግን የጎደለውንም ልናገር። በ2003 የፈቀዱት ከንቲባ ብሉምበርግ ከንቲባ ከመሆናቸው በፊትም የፓርኩ ተንከባካቢ ድርጅት ቦርድ አባል ሆነው ሐሳቡን የሚደግፉ ነበሩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው መለወጡ ረድቷል ማለት ነው፤ እዚያም ሰው ይታያል። ደግሞም ሀያ አንድ ሚሊዮን ዶላር ከኪሱ ማውጣት የሚችል ሠዓሊ ስንት አለ? ቀለም በመዋጮ ለሚገዛ ልጅ ያ ምሳሌ አይሆነውም። ለእሱ የሚቀርበው ያው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በፓርኮቹ ውስጥ የሚያካሂደው የጊዜያዊ ሥራዎች ፕሮግራም ነው። ማመልከቻው ላይ ምን እንደሚጠየቅ ይታወቃል፤ ሥራው ከዓመት አይበልጥም፤ የአካባቢው ነዋሪዎች ቦርድም ፊት ይቀርባል።

የበርሊኑን ደግሞ ስሙት። እነዚሁ ባልና ሚስት ራይሽታግ የሚባለውን የጀርመን የፓርላማ ሕንፃ በጨርቅ እንጠቅልለው ብለው እ.ኤ.አ. በ1971 ተነሡ። ሕንፃ በጨርቅ! ደጋግመው ተከለከሉ። በየካቲት 1994 ጉዳዩ ምክር ቤቱ ፊት ቀረበና የሕዝብ ተወካዮች ስለ ጨርቅ ተከራከሩ፤ ድምፅ ሰጡ። 292 ደገፉ፣ 223 ተቃወሙ፣ 9 ድምፀ ተአቅቦ። ከተቃወሙት ዋነኛው ማን ነበሩ መሰላችሁ? ቻንስለሩ ኸልሙት ኮል ራሳቸው! የአገሩ መሪ እምቢ ብለው ተሸነፉ። በ1995 ክረምት ሕንፃው ከመቶ ሺህ ካሬ ሜትር በላይ በሆነ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለሁለት ሳምንት ቆመ፤ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው ጎበኘው፤ ከዚያ ጨርቁ ወረደ። ጀርመንም አልፈረሰችም። መሪ እምቢ ያለው ነገር በድምፅ ብልጫ የሚያልፍበት ምክር ቤት እስከማይ እኔ ይህን ታሪክ እንደ ተረት ነው የማወራው።

ለንደን ላይ ደግሞ ትራፋልጋር አደባባይ አራት የሐውልት መቆሚያዎች አሉ። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1841 ተሠርቶ ለንጉሥ ሐውልት የሚሆን ገንዘብ አልተገኘምና ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ባዶውን ቆየ። አሁን ጊዜያዊ ሥራዎች እየተፈራረቁ ይቆሙበታል። ለውድድር ያለፉት ሥራዎች ትንንሽ ሞዴላቸው ለሕዝብ ይታያል፤ የወደደውም የጠላውም አስተያየቱን ይሰጣል፤ ከዚያ ኮሚቴ ይመርጣል። በእርግጥ የሕዝቡ አስተያየት ኮሚቴውን አያስገድደውም። ይህ ደስ አይለኝም። ግን ሞዴሉ ተደብቆ አይደለም የሚመረጠው።

እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያ ላይ ምን ቆመ? የማላዊው ተወላጅ ሳምሶን ካምባሉ የሠራው፣ ጆን ቺሌምብዌ የሚባል አፍሪካዊ ፓስተር። ቺሌምብዌ በ1915 በእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ላይ ተነሥቶ የተገደለ ሰው ነው። ሐውልቱ ከአንድ ነጭ ሚሲዮናዊ አጠገብ ባርኔጣውን ደፍቶ ያሳየዋል፤ በዚያ ዘመን ጥቁር በነጭ ፊት ባርኔጣ መድፋት አይፈቀድለትም ነበር። ሠዓሊው ፓስተሩን ከነጩ እጅግ አተልቆ ሠራው። በእንግሊዝ የድል አደባባይ መሀል፣ እንግሊዝ የገደለችው ሰው! «ሰው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል» ብሎ የደበቀው የለም። ሰው ትርጉም እንዲሰጠው ነው የቆመው። የእኛ አርባ ሦስት በሮች ከዚህ ይከፋሉ?

«እንግዲያው ለባለሙያ ይተው፣ ባለሙያ ይወስን» የሚሉም አሉ፤ የተማሩ ጓደኞቼ ናቸው። እሱም ብቻውን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1981 ሪቻርድ ሴራ የሚባል ታላቅ ቀራጺ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አደባባይ ላይ ከ36 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው የብረት ግድግዳ አቆመ። የመረጡት የጥበብ አዋቂዎች ናቸው። ይህኛው ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው ተብሎ የቆመ ነበር። በዚያ በኩል በየቀኑ የሚያልፈውን ሠራተኛ ግን አስቀድሞ የጠየቀው አልነበረም። ሠራተኛው ጠዋትና ማታ ብረቱን እየዞረ ተማረረ። ጩኸቱ ሲበዛ በ1985 የሕዝብ ውይይት ተጠራ። 180 ሰው ተናገረ፤ 122ቱ ይቆይ፣ 58ቱ ይነሣ አሉ። የተሰየመው ጉባኤ ግን አራት ለአንድ ይነሣ ብሎ ወሰነ፤ ሰብሳቢው ከመነሻውም ይነሣ ባይ ነበር። በ1989 በሌሊት ቆራርጠው አነሡት። «ሕዝቡን አወያይተናል» የምትለዋ ጨዋታ ለካ እዚያም አለች! አስቀድሞ ያልተጠየቀ ሰው በኋላ ቢጠየቅ የሚናገረው ቂሙን ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ በጊዜያዊ የአደባባይ ጥበብ ማን ያህላታል! እናቴ መስከረም 1977ን ስታወራ መሳቅ ይጀምራትና መሀል ላይ ታቆመዋለች። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነበር። አደባባዩ በማርክስ፣ በኤንግልስና በሌኒን ምስል አጊጧል፤ በየመንገዱ ቅስት፣ በየግድግዳው መፈክር። «ቀበሌው አጥራችሁን ቀቡ አለን፤ ቀባን። መንገድ ዳር ያለውን ጎጆ በቆርቆሮ ጋረዱት፤ እንግዳ እንዳያየው» ትላለች። ያን ጊዜ ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር። ያንን ሁሉ ማስጌጥ ማን አቀረበው፣ ማን መዘነው፣ ስንት ወጣበት ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሊጠይቅም አይችልም ነበር። ሌኒንም ለዘለዓለም ተብሎ ቆመ፣ በግንቦት 1983 ተገንድሶ ጊዜያዊ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተለዋወጠ፤ ቀለሙ ተለዋወጠ፤ ቆርቆሮው ግን እንዳለ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ!

«አሠራር የለንም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ለጥምቀት የሰፈር ወጣቶች ብር ያዋጣሉ፣ የታቦቱን መንገድ ያስጌጣሉ፣ ምንጣፍ ተሸክመው ከፊት ከፊት ያነጥፋሉ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያነሣ ተስማምተው ነው። ለደመራ ችቦው የት እንደሚተከል ሰፈሩ ያውቃል። እድርን ተመልከቱ። ማንበብ የሚቸግራቸው አዛውንት ያሉበት እድር ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ድንኳኑን ላለማዋስ ከወሰነ ምክንያቱን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ቅር ያለው አባል በወሩ ስብሰባ ተነሥቶ ይከራከራል። እድር የሚችለውን፣ ኮምፒዩተር የሞላው፣ አሳንሰር ያለው፣ ስንት ምሩቅ የተቀጠረበት ቢሮ እንዴት ያቅተዋል? አላቃተውም፤ አልፈለገም። የተጻፈ እምቢታ ባለቤት አለው። ያልተጻፈው የማንም አይደለም።

እኔ የምጠይቀው የሰማይ ኮከብ አይደለም። አንድ መስኮት ይኑር፣ ባለሥዕሉ ከአራት ቢሮ ኳስ እንዳይሆን። በሠላሳ ቀን ውስጥ እሺ ወይም እምቢ ይባል፤ እምቢ ከሆነ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ስምና ፊርማ ኖሮት። ንድፉ ሊሳልበት በታሰበው በዚያው አጥር ላይ ሁለት ሳምንት ይለጠፍና በዚያ የሚያልፈው፣ እዚያ ሱቅ ያለው፣ በተለይ ከዚያ የተነሣው ሰው አስተያየቱን ይስጥ። የተነሣው ሰው አድራሻ አይታወቅም እንዳይሉኝ፤ ሲነሣ አስፈርመውታል። ስንት ቀን እንደሚቆይና ማን እንደሚያጠፋው አስቀድሞ ይታወቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይኸው ሕግ ነጩን ውሻም ይመልከተው! የባለሀብቱ ባነር፣ የባንክ ማስታወቂያ፣ ለፓርቲ ጉባኤ በአንድ ሌሊት ከተማ የሚያለብሰው ጨርቅ፣ ሁሉም በዚያች መስኮት ይለፍ። ታሪፍ የከፈለ ሁሉ ያለ ጥያቄ ተሰቅሎ፣ ቀለም በመዋጮ የገዛ «ትርጉምህ ምንድነው» የሚባልበት ከተማ የማን ከተማ ነው?

መጥፎ ስዕል ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ይምጣ! ሦስት ወር ነው እኮ። መጥፎ ሕንፃ ሰባ ዓመት ይቆይብናል፤ ስለሱ ማን አማክሮን ያውቃል? ልጆቹም ቢሆኑ አርባ ሦስቱን በር አሳምረው ላይስሉት ይችላሉ። ንድፉ ላይ የጠላ ቤቷ ጣሳ ባልዲ መስሎ ነው የወጣው፤ ነግሬያቸዋለሁ፤ ተኮራርፈንበታል።

ባለፈው ወር ንድፉን ይዘን ከሰፈሩ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ አንዲት እናት ዘንድ ሄድን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ከቤት የሚወጡት ለቀብርና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ወስደው፣ ከዐይናቸው አርቀው፣ ብዙ ጊዜ አዩት።

«ልጆቼ፣ ይሄ የኔ በር አይደለም» አሉ።

«የእርስዎ ነው እማማ፤ ቁጥሩን ይመልከቱት።»

«ቁጥሩስ የኔ ነው። በሬ ግን ሰማያዊ አልነበረም። አረንጓዴ ነው። ሰማያዊው የጎረቤቴ ነው።»

ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ አስተካከለው። እሳቸውም ከተቀመጡበት ሆነው «ደመቅ አድርገው፣ ከዚያም ደመቅ አድርገው» ሲሉት ቆዩ። የተስተካከለውን ንድፍ ከአዲስ ማመልከቻ ጋር ባለፈው ሐሙስ አስገብተናል። ሌላ የገቢ ቁጥር ተሰጥቶናል። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «ሰኞ ኑ» ብላናለች። ሰኞ እንሄዳለን።